ነካሳ ጣሪያችን ላይ ቆሞ የነበረው ነገር

አምና ክረምት ምናለሽ ተራ ውስጥ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ባልዲ የሚጠግን ሰው አጠገብ ሳልፍ እግሬ በራሱ ቆመ። ሰውየው በከሰል ያጋለውን ቢላ ስንጥቁ ላይ ሲያሳርፍ ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ማንም ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ዓይነት ሽታ ነው፤ እኔ ግን በረጅሙ ሳብኩት።

«እህት፣ የሚጠገን አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ሽታው ግን አብሮኝ ሄደ። የማውቀው ከመካ ነው፤ ነካሳ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ጣሪያ፣ አክስቴ መዲና ከእኛ ጋር ከተቀመጠችበት ዓመት። ዘመኑ ደርግ ነበር፤ እኔ ገና ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተምታታብኝ ገና ከስሟ ጀምሮ ነው። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ እናቴን «ዘሀራ፣ መዲና ልትመጣ ነው!» አላት። እናቴ እልል አለች፤ ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። እኔ የማውቀው መዲና አንድ ብቻ ነው፤ የነቢዩ ከተማ። ከተማ እንዴት ይመጣል? ቢመጣስ የት ያርፋል? ነካሳ እንደሆነ ገደል ላይ የተሰቀለ ሰፈር ነው። የአንዱ ቤት ጣሪያ የሌላው ደጃፍ ሆኖ፣ ለአንዲት ፍየል እንኳን መቆሚያ የለውም። በማግስቱ ቁርኣን ቤት ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ።

አባቴ ከጅዳ ይዟት የመጣው አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ጣቶቿ ረጃጅም፣ ዓይኗ ሰው ላይ የማያርፍ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች። ደሴ ውስጥ ሥዕል አስተማሪ ነበረች። ከሐጅ መንገደኞች ጋር መጥታ ሐጇን ጨረሰች፤ ሌሎቹ ሲመለሱ ግን እሷ ቀረች። አባቴ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው፤ እናቴ ቤት ውስጥ ለሰፈሩ ሴቶች አባያ ትሰፋለች። አክስቴ ከስፌት መኪናው አጠገብ ፍራሽ ተነጠፈላት።

ወዲያው አንድ ሌላ ነገር ሰማሁ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለአባቴ፣ «እትዬ ኢቃማ የላቸውም። ቢይዟቸውስ?» ስትለው። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት መሆኑን ማን ነገረኝ! እኔ የማውቀው ኢቃማ ሶላት ሊጀመር ሲል ሙአዚኑ የሚያሰማውን ሁለተኛውን ጥሪ ነው። አክስቴ ያ ከሌላት ሶላቷ አይደርስም ማለት ነው ብዬ አዘንኩላት። ስለዚህ ልትሰግድ በቆመች ቁጥር ከኋላዋ ሆኜ በሹክሹክታ እልላት ጀመር። አንድ ቀን ሰምታኝ ኖሮ ከሰገደች በኋላ ዞራ «ምን እያልሽ ነው ኑሪዬ?» አለችኝ። ነገርኳት። ልሳቅ አልሳቅ እንዳለ ሰው ፊቷ ተወዛገበ። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሐጃጁ ከሄደ በኋላ መካ ውስጥ የሚቀረው ዕቃ ጉድ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጃንጥላ፣ የዘምዘም ጄሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ነጠላ ጫማ በየመንገዱ ይከመራል። ማለዳ ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አክስቴ እጄን ይዛኝ ወደ ኩዳይ እንወርዳለን፤ የሐጃጁ አውቶቡሶች ቆመውበት ወደነበረው ሜዳ። እንግዲህ ጥንድ ጥንድ ጫማ ልንለቅም ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን አዲስ የሚመስል ሰማያዊ ጫማ ከነጥንዱ አግኝቼ እየሮጥኩ አመጣሁላት። አየችውና፣

«ይሄ ደህና ነው፤ መልሺው። የሚያደርገው ሰው ይመጣል» አለችኝ።

«እኛስ ምን ልንወስድ ነው?»

ጎንበስ ብላ ማሰሪያው የተበጠሰ፣ ተረከዙ ያለቀ፣ ጥንድ የሌለው አንድ ጫማ አነሳች። አቧራውን በጣቷ ጠረገችለት፤ ልክ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ።

«እንዲህ ያለውን» አለች።

የጃንጥላ ሽቦ፣ የጄሪካን ቂጥ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የተሰበረ የአልጋ ብረት፣ ከተጣሉ ሻንጣዎች ላይ እንደተቆለፉ የወለቁ ትናንሽ ጓጉንቸር ቁልፎች ለቀምን። ካርቶንም እንሰበስብ ነበር። ሰው ሲያየን እናቴ ያስጠናችኝን «ለማገዶ ነው» የሚለውን በዐረብኛ እናገራለሁ። አክስቴ ዐረብኛ አታውቅም፤ ከዱዓ በቀር።

ጣሪያችን ላይ ልብስ ማስጫ ገመድና የውሃ ታንከር ብቻ ነበር። አክስቴ የአልጋውን ብረት በታንከሩ ጥግ አቁማ በሽቦ አሰረችው። ከዚያ ከሰል አቀጣጥላ አሮጌ ቢላ ታግላለች፤ ጫማዎቹን በረጃጅሙ እየሸነሸነች፣ ጫፍና ጫፋቸውን በጋለው ቢላ እያቀለጠች ታያይዛለች። ያ ሽታ ልብሳችን ላይ ያድራል። የተያያዘው ላስቲክ በብረቱ ላይ እየተጠመጠመ ወጣ። የጃንጥላው ሽቦዎች ወደ ጎን ወጡ፤ ከሽቦው ላይ ቁልፎቹ ተንጠለጠሉ፤ ከቁልፎቹ መሀል እናቴ ከስፌቷ የምትጥለው ጥቁር ክር በጥቅል በጥቅሉ ወረደ። ከኋላው፣ ግድግዳው ላይ፣ ካርቶኑን በዱቄት ሙጫ እየለጠፈች ታለብሰዋለች። ግን አንድ ካርቶን እንዳለ አትለጥፍም። ጽሑፍ ካለበት እያንዳንዱን ቃል መሀል ለመሀል ትቀደዋለች፤ የአንዱን ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ታጋጥመዋለች። ማንበብ የቻልኩት አንድም ቃል አልነበረም።

መጀመሪያ ለቴሌቪዥን የሚሆን አንቴና እየሠራችልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ የእርግብ ቤት መሰለኝ። ከዚያ መርከብ። በመጨረሻ ጠየቅኳት።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው?»

«ገና አላውቅም።»

ትልቅ ሰው የሚሠራውን ሳያውቅ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ አባያ ስትሰፋ አባያ እንደሆነ ታውቃለች። አባቴ ቦቴውን ሲያስነሳ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ፈራሁላት።

ይበልጥ የፈራሁት ደግሞ ቁርኣን የሚያስተምሩን ሸይኽ ሙሳ ሕይወት ያለውን ነገር በምስል የሚሠራ ሰው በቂያማ ቀን «በል እንግዲህ ሩሕ፣ ነፍስ፣ ንፋበት» እንደሚባልና እንደማይችል የነገሩን ዕለት ነው። እየሮጥኩ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ነገሩን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ዓይን ፈለግኩ፤ አፍ ፈለግኩ። የጄሪካኑ ቂጥ ጭንቅላት ይሆን? ነገርኳት።

«ፊት የለውም፤ አትፍሪ» አለችኝ አክስቴ፣ ቢላውን ከሰሉ ላይ አስቀምጣ። «ስንቱን ፊት ሥያለሁ መሰለሽ። ለሰልፉ፣ ለበዓሉ፣ የባለ ጺሞቹን ሁሉ ፊት በአቡጀዲ ላይ በቁመቴ ልክ ሣይ ተብዬ ሥያለሁ። ከእንግዲህ ፊት አልሠራም።»

ባለ ጺም ያለችኝ የመስጊዳችን ሽማግሌዎች መሰሉኝ። እነሱን ማን ሣይ አላት?

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ቤቱ ሁሉ በሙቀት ዝም ባለበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው እናቴና አክስቴ ሲያወሩ ሰማሁ። የስፌት መኪናው ቆሟል።

«ፊደልሽ ያምራል አለኝ ቀበሌው» አለች አክስቴ። «ካርቶን ሰጠኝ፣ ቀለም ሰጠኝ። ጻፍኩለት። ለምን እንደሆነ አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ጠዋት አስፋልቱ ዳር፣ ደረቱ ላይ...»

«ይበቃል እትዬ፤ ይበቃል» አለች እናቴ። «ያ ረቢ።»

ቀበሌ ማለት ለእኔ የሰው ስም ሆነ። ካርቶን የሚሰጥ ክፉ ሰው። ወፍራም፣ ቀለም በጣቶቹ ላይ የደረቀበት አድርጌ ነው የሳልኩት። ግን ሰው በካርቶን ምን ይሆናል? ካርቶን ደረት ላይ ቢቀመጥ ያሳክክ ይሆናል እንጂ ምን ያስለቅሳል? ከዚያ ወዲህ በራችን በተንኳኳ ቁጥር አክስቴን ፍለጋ ቀበሌ የመጣ ይመስለኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ጅዳ ሲሄድ ይዞን ሄደ፤ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር የሚኖር የሀገር ሰው ታሞ ልንጠይቅ። እኔና አክስቴ ቦቴው ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥን። ጅዳ ስንገባ አንድ ሰፊ አደባባይ ላይ ከቤት የሚበልጥ ነገር ቆሟል። ብረት ነው፤ የተጠማዘዘ፣ የተበሳሳ፣ እንስሳም ዛፍም ያልሆነ። መኪና ተጋጭቶ እዚያው የተውት መሰለኝ።

«ጀማል፣ አቁም!» አለች አክስቴ።

«እዚህ አይቆምም እትዬ፣ ሹርጣ አለ፤ ፖሊስ ይይዘናል።»

«አቁም አልኩህ!»

አባቴ ጥግ ይዞ አቆመ። አክስቴ በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። መኪናው እየጮኸባት መንገዱን አቋረጠችና ብረቱን ትዞረው ጀመር። ዳሰሰችው። ጆሮዋን አስጠግታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ስትመለስ እየሳቀች ነበር፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ማን ነው የተከለው?»

«ባለዲያው ነው መሰለኝ» አለ አባቴ ዙሪያውን እያየ። ማዘጋጃ ቤቱን ማለቱ ነው። «በየአደባባዩ እንዲህ ያለ ነገር እየተከሉ ነው።»

«ምን ይሉታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፤ ለጌጥ ነው ይላሉ። ያላ፣ እንሂድ በአላህ።»

እኔ ምንም አልገባኝም። የመንግሥት ከሆነ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። የተፈቀደ ከሆነ እናቴ ለምንድን ነው ሰው ሲመጣ የጣሪያውን በር የምትቆልፈው?

በሩ አንድ ቀን ሳይቆለፍ ቀረ። ከእኛ በታች የምትኖረው ኡሙ ሳሊህ ከገመድ የበረረባትን ልብስ ፍለጋ ወጣች። ከጥቂት ቀናት በፊት የልጇ ሚስት ጽንስ ወርዶባት ቤታቸው በሐዘን ላይ ነበር። ጩኸቷን የሰማነው ሁላችንም ነን።

«ሲህር! ሲህር ነው! ቁልፉን እዩ! ፀጉሩን እዩ!»

ሲህር ድግምት ነው፤ በተቆለፈ ቁልፍና በፀጉር ሰው ይታሰርበታል ይባላል። ይህን ቃል መካ ውስጥ እንደ ዋዛ የሚናገረው ሰው የለም። ያውም ኢቃማ በሌላት ሴት ላይ። እናቴ እንደ ጨርቅ ነጣች። አባቴ በሥራ ላይ ነበር፤ የት እንዳለ አናውቅም። የአስር ሶላት እንዳበቃ የቤቱ ባለቤት አቡ ሰዒድ ሸይኽ ሙሳን አስከትሎ መጣ። ኡሙ ሳሊህም ከኋላቸው ወጣች። ሹርጣ ከመጥራቴ በፊት ልየው ብሎ ነው።

እናቴ ዐረብኛዋ የገበያ ነው፤ ስትደነግጥ ደግሞ እሱም ይጠፋባታል። ስለዚህ እኔን መሀል አቆሙኝ።

«ምንድን ነው ይሄ? ጠይቂያት» አለ አቡ ሰዒድ።

ጠየቅኳት።

«ምንም አይደለም በይው» አለች አክስቴ መሬት መሬት እያየች።

«ምንም አይደለም ትላለች።»

«ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ይቆማል?»

«ክር ነው!» አለች እናቴ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ጥቁሩን ክር እየጎተተች። «የእኔ ክር! ፀጉር የለም! ወላሂ!»

ሸይኽ ሙሳ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ግድግዳው ሄዱና ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። የሚፈልጉትን አውቄዋለሁ፤ ቁርጥራጩ ውስጥ የአላህ ስም ካለ አለቀልን። እሳቸው ግማሹን ቃል ከዚያኛው ግማሽ ጋር በጣታቸው እያገናኙ፣ «ሳሙና... ብስኩት... የቲማቲም ድልህ...» ይላሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የተቀደሰ ነገር የለበትም። ግን ለምን ቆራረጠችው?»

ይህን ስነግራት አክስቴ ቀና አለች። ዓይኗ ሸይኽ ሙሳ ላይ አረፈ።

«አንድ ተማሪ ነበረኝ በያቸው። ልጅ ነው፣ ጺም እንኳን አላበቀለም። ገድለው አስፋልት ዳር ጣሉት። ደረቱ ላይ ያደረጉት ካርቶን የእኔ ጽሑፍ ነበር። ፊደሌን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ካርቶን ላይ ሙሉ ቃል ማየት አልችልም።»

የገባኝን ያህል ተናገርኩ። «ቀበሌ የሚባል ክፉ ሰው ተማሪዋን ገደለው፤ ካርቶን አስጻፋት» አልኩ። አቡ ሰዒድ «ቀበሌ ማን ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

«ይሄስ? ይሄ ብረት?»

«ልጁ መቃብር የለውም» አለች አክስቴ። «ወስደው የት እንደጣሉት እናቱም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ልጁ ቀብር ስለሌለው ነው» አልኩ በዐረብኛ።

አቡ ሰዒድ ወደ ኋላ ሸሸ። «ቀብር? ቤቴ ጣሪያ ላይ ቀብር ሠራችለት?»

«አይ፣ አይ! ቀብር አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ቀብር የለውም ነው ያለችው! የለውም!» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። የትኛው ቃል እንዳጠፋ አላወቅኩም። መቃብር የሌለው ልጅ፣ ካርቶን የሚሰጥ ሰውዬ፣ ጫማ፣ ብረት፤ ሁሉም በሁለት ቋንቋ አፌ ውስጥ ተቀላቅሏል። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ። ቀሚሷ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

ሸይኽ ሙሳ እጃቸውን ዘርግተው አቡ ሰዒድን ዝም አሰኙት። ጎንበስ ብለው በለሆሳስ፣ «ኑሪያ፣ የልጁን ስም ጠይቂያት» አሉኝ።

ጠየቅኳት። አክስቴ ትከሻዬን ለቀቀች።

«ከማል» አለች።

ሸይኽ ሙሳ እዚያው፣ ልብስ ማስጫው ሥር፣ መዳፋቸውን ከፈቱ። «አላሁመ ኢግፊር ሊከማል»፣ አላህ ሆይ ከማልን ማረው፣ ብለው ዱዓ አደረጉ። አቡ ሰዒድ ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘረጋ። እናቴ ዘረጋች። ኡሙ ሳሊህ እንኳን ሳትወድ ዘረጋች። አሚን እንላለን። አክስቴ ግን እጇን ዘርግታ አሚን ማለት አቃታት። እኔ በእሷም ፈንታ አሚን እል ነበር።

«ሹርጣ አልጠራም» አለ አቡ ሰዒድ ሲጨርሱ። «ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውረድ። ኸላስ።»

አክስቴ አልተከራከረችም። በዚያው ቢላ መቁረጥ ጀመረች። ኡሙ ሳሊህ አልወርድም አለች፤ ቁልፎቹ ተቆልፈው ከቀሩ ልቧ እንደማያርፍ ነገረችን። መክፈቻ የላቸውም። እናቴ መቀስና መርፌ አመጣችና ሦስቱ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ቁልፎቹን ይጎረጉሩ ጀመር። አንዱ ቀጭ ብሎ በተከፈተ ቁጥር ኡሙ ሳሊህ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። የመጨረሻውን የከፈተችው ራሷ ነበረች። ከፍታው እጇ ላይ ይዛው አለቀሰች፤ አክስቴ ቋንቋዋን ሳታውቅ ጀርባዋን ታሽላት ነበር። አባቴ ሲገባ ጣሪያው ላይ የቀረው ታንከሩና ገመዱ ነው። ነገሩን ሰምቶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ አልለቀመችም። ከእናቴ ጎን ተቀምጣ የአባያ ጠርዝ ትዘመዝማለች። አንድ ነገር ግን ተለወጠ፤ ማውራት ጀመረች። የምታወራው ስለ ከማል ነው። በግራ እጁ እንደሚጽፍ፣ ጠመኔ እየሰረቀ የጎረቤት በር ላይ ፈረስ እንደሚሥል፣ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ደመና ይዤ መጣሁ ብሎ የተዘጋ ጣሳ እንዳመጣላት። ጣሳውን ስትከፍተው ምን ነበረበት ብላት፣ «ምንም፤ ግን ይቀዘቅዝ ነበር» አለችኝ። ሌላም፣ ሌላም አውሪኝ እላታለሁ። ከአጎቶቼ ልጆች ሁሉ ይልቅ ያወቅኩት እሱን ሆነ። ለጓደኞቼ ደሴ ውስጥ ወንድም አለኝ አልኳቸው።

ሞቷል እኮ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ገድለውታል ብዬ በዐረብኛ የተናገርኩትም እኔው ነኝ። ግን መቃብር የለውም ተብሏል። እኔ የማውቃቸው የሞቱ ሰዎች ሁሉ መቃብር አላቸው። ስለዚህ አንዱ ነገር ስህተት መሆን ነበረበት፤ እኔም በልቤ የትኛው እንደሆነ ወስኜ ነበር።

አንድ ቀን ከቁርኣን ቤት መጥቼ ሁለቱም ሲሰፉ አገኘኋቸው። ቦርሳዬን ጥዬ፣

«አክስቴ፣ ከማል መካ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳት።

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቴ «ኑሪያ!» ብላ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች። አክስቴ በእጇ ከለከለቻት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ፤ አዝናም ይሁን ደስ ብሏት መለየት አልቻልኩም። ተነስታ ፍራሹን ግድግዳው ድረስ ጎተተችው፤ አራግፋም በሚገባ ዘረጋችው። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ጎኗ አስቀመጠችኝ፤ ከሁለታችን ወዲያ ያለውን፣ አንድ ልጅ የሚያስቀምጠውን ቦታ ባዶውን ተወችው።